ኮምፒዩተሩ ዲዳ አይደለም፤ ዲዳ ያደረግነው እኛ ነን!



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምንለጥፈው የመዋጮ ማሳሰቢያ፣ የውሃ ፈረቃና የጽዳት ዘመቻ ቀን ነው። ዛሬ ግን ከሆዳችን ያለውን አንድ ነገር አውጥተን ልንናገር ተነሥተናል። ነገሩ የኮምፒዩተር ድምፅ ነገር ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር ኖሮት ነው ሰሌዳ የሚያጣብበው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። የሚለው ሁሉ እስከ መጨረሻው ያንብብና ይፍረድ።

እንደሚታወቀው በሰፈራችን ብዙ ቤተሰብ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ለልጆቹ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቷል። ማኅበራችንም ለተማሪዎች ማጥኛ ክፍል አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ አስቀምጧል። ኮምፒዩተሩ ይሠራል፣ ይጽፋል፣ ሥዕል ያሳያል። ድምፅ ግን አልነበረውም። ከመስከረም እስከ ጥር ልጆቻችን እዚያ ክፍል ቁጭ ብለው አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ያያሉ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያያሉ፤ ምን እንዳለ ግን አይሰሙም። የእንግሊዝኛ ንባብ በጆሮ ሳይሰማ በዓይን ብቻ እንዴት ይጠናል? አምስት ወር ሙሉ እንዲህ አለፈ።

በኅዳር ወር ኮምፒዩተሩን ተሸክመን ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ሰውዬው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት አብርቶ አየና «ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል» አለን። «ታዲያ ይቀየር» ብንለው፣ «ብቻውን አይቀየርም፤ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ማዘርቦርዱ መቀየር አለበት፤ ዋጋው 9,500 ብር ነው፤ ይልቅስ ትንሽ ጨምራችሁ ሌላ ኮምፒዩተር ብትገዙ ይሻላችኋል» ሲል መከረን። እኛም አመስግነን ተመለስን። ከዚያም አልፎ የወጪ ወረቀቱን አዘጋጀን። እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። ከኮሚቴው አባላት አንድም ሰው «እርግጥ ተቃጥሏል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። የባለሙያ ቃል ነው ብለን ተቀበልን። ወረቀቱ ሳይፈረም የቀረው ገንዘብ ያዡ ለለቅሶ ወደ ክፍለ አገር ሄደው ስለቆዩ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ልታጠና መጥታ «ድምፁ በየት በኩል እንደሚወጣ አይታችኋል?» ስትል ጠየቀችን። ጥያቄው ራሱ አልገባንም። ልጅቷ ከስክሪኑ ግርጌ በቀኝ በኩል ያለችውን የስፒከር ምልክት ነካች። ለካ ኮምፒዩተሩ ድምፁን በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ስክሪኑ ሲልክ ኖሯል! ስክሪኑ ደግሞ ስፒከር የለውም። ኮምፒዩተሩ አምስት ወር ሙሉ ሲናገር የነበረው ጆሮ ለሌለው ነው። ልጅቷ መስመሩን ቀየረች፤ የስልኳን የጆሮ ማዳመጫ ከፊት ባለው ቀዳዳ ሰካች፤ ድምፁ ወጣ። ሥራው ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ወጪው ዜሮ ብር ነው። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በ1,100 ብር ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ገዝቶ ሰካ፤ ክፍሉም መናገር ጀመረ።

እንግዲህ የዚህን ጽሑፍ ቁም ነገር እንናገር። ኮምፒዩተርን ማናገር ርካሽ ነገር ነው። ውድ ያደረገው ሦስት የተሳሳተ አነጋገር ነው። ሦስቱንም በሰፈራችን ውስጥ በየቀኑ እንሰማቸዋለን። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው፣ «ድምፅ ቅንጦት ነው፤ ልጆቹ የሚፈልጉት ለዘፈን ነው» የሚለው ነው።

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ እኛው ወላጆች ነን። አዎ፣ ልጅ ዘፈን ይሰማል። እኛስ በልጅነታችን ቴፕ አልሰማንም? ነገር ግን ቆጠራው እዚያ ላይ አያበቃም። ከመካከላችን ልጇ ዓረብ አገር ሠርታ የምታድር እናት አለች። በኮምፒዩተሩ ስክሪን የልጇን ፊት ታያለች፤ ድምፅዋን ካልሰማች ግን ፎቶግራፍ ከማየት በምን ይሻላል? ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች አሉን። እነሱ የጤና ምክር ቢሰሙ ይገባቸዋል፤ ተጽፎ ቢሰጣቸው ግን አይረዱትም። እኛም የዚህ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሰዎች በትምህርት ብዙ ያልገፋን ስለሆንን፣ የሰማነው ካነበብነው ይልቅ ቶሎ እንደሚገባን በራሳችን እናውቀዋለን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይነ ስውራን ወገኖቻችን አሉ። ለእነሱ ኮምፒዩተር ማለት ድምፅ ማለት ነው። ስክሪኑ ምናቸውም አይደለም። ኤንቪዲኤ የሚባል በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም አለ። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ሲሆን፣ ጀማሪው ራሱ ዓይነ ስውር ነው። ፕሮግራሙ የሚታደለው በነፃ ነው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ተናጋሪ አማርኛም ያነባል። አነባበቡ እንደ ሰው የለሰለሰ አይደለም፤ ቃላትን ሲያጠብቅና ሲያላላ ይሳሳታል፤ ጆሮ የለመደው ሰው ግን ይከተለዋል። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ዓይነ ስውር አባታችን በየካቲት ወር በማጥኛው ክፍል ተቀምጠው የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳያነብላቸው ሰሙ። ሰምተውም ዝም አላሉም። «አንቀጽ አራት ላይ ያላልኩትን ጽፋችኋል» ብለው አረሙን። እንግዲህ ድምፅ ቅንጦት ነው የሚል ካለ ይህን ለእሳቸው ሄዶ ይንገራቸው!

ሁለተኛው፣ «ድምፁ ከጠፋ ኮምፒዩተሩ አልቆለታል፤ ይቀየር» የሚለው ነው።

ይህ አነጋገር ለሻጭ ይጠቅማል፤ ለገዢ ግን ገደል ነው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ከውስጡ ባለች ትንሽ ስፒከር «ጢጥ» ከማለት ብዙም የሚያልፍ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ሳውንድ ካርድ የሚባለውን ሰሌዳ ለብቻው ገዝቶ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ይሰካ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው «ሳውንድ ብላስተር» የተባለው ካርድ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ሲሆን፣ ሠሪው የሲንጋፖር ድርጅት ነው። ያን ጊዜ ሳውንድ ካርድ በእርግጥ ውድ ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንቴል ድምፅን በማዘርቦርዱ ላይ አብሮ ለመሥራት የሚያስችል ደንብ ካወጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ በየቤታችን ያሉት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ድምፁ አብሯቸው ተሠርቶ የመጡ ናቸው። ስለዚህ «ሳውንድ ካርድ የለውም» ከመባሉ በፊት ደግሞ ይታይ።

እሺ፣ በእርግጥ ተቃጥሏል እንበል። ያም ቢሆን ማዘርቦርድ መቀየር የለብንም። ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ የሚባል ጣት የምታህል ዕቃ አለች። ፍላሽ እንደሚሰካው በዩኤስቢው ቀዳዳ ትሰካለች። ክዳን አይከፈትም፣ ብሎን አይፈታም። ዊንዶውስም ሊነክስም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሌላ ፕሮግራም ራሳቸው ያውቋታል። አንዷ ቀዳዳ ለስፒከር፣ ሌላዋ ለማይክሮፎን ናት። እኛ ለመጠባበቂያ የገዛናት 450 ብር ነው። 9,500 ብርን ከ450 ብር ጋር አስተያዩት! ልዩነቱ የስንት ልጅ ደብተር ነው?

ስለ ጥገና ሠራተኞች ክፉ ለማውራት አይደለም። እንጀራቸው ነው፤ ከመካከላቸው ቅን ሰው ሞልቷል። እኛ የምንለው ይህን ነው። ያልጠየቀ ገዢ ሻጩን ራሱ ያባልገዋል።

ሦስተኛው፣ «ትልቅ ካልሆነ ስፒከር አይባልም» የሚለው ነው።

ይህኛው የጎልማሶች በሽታ ነው። ሳጥኑ ላይ «1,000 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያይና ኪሱን ይፈታል። ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንመርምር። ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ «ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ማለት ዕቃው ለቅጽበት ያህል ሊያወጣ ይችላል ተብሎ በወረቀት ላይ የተሰላ፣ አንድ ወጥ መለኪያ የሌለው የገበያ ቁጥር ነው። መታየት ያለበት «አርኤምኤስ» የሚለው ነው፤ እሱ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል ይናገራል።

ሌላም ቀላል ሒሳብ አለ። ከኮምፒዩተሩ ዩኤስቢ ብቻ መብራት የሚያገኝ ስፒከር ከተለመደው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚያገኘው 5 ቮልትና ቢበዛ ግማሽ አምፔር ነው። 5 በ0.5 ሲባዛ 2.5 ዋት ይሆናል። ታዲያ 2.5 ዋት የሚጠጣ ዕቃ 1,000 ዋት ሊተፋ ይችላል? በአንድ ብርጭቆ ውሃ እንስራ ይሞላል? ሳጥኑ ቢዋሽም ሒሳቡ አይዋሽም። ደስ የሚለው ነገር ግን ያቺው ሁለት ዋት ለአንድ ክፍል፣ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው፣ ትበቃለች። በማጥኛው ክፍል ስምንት ልጆች አብረው ይሰማሉ፤ ማንም «አልሰማሁም» አላለም።

አንዳንዱ ደግሞ ከአሮጌ ዴክ ላይ የተፈታ ትልቅ ስፒከር በርካሽ ያገኝና በቀጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ይሰካል። ድምፁ እንደ ትንኝ ይሆንበታል፤ «ኮምፒዩተሩ ደካማ ነው» ይላል። ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ አይደለም። ከጀርባው የመብራት ወይም የዩኤስቢ ገመድ የሌለው ስፒከር በራሱ አያጎላም፤ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። አምፕሊፋየር ደግሞ በብዙ ቤት አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ኦክስ የሚል ቀዳዳ ያለው ቴፕ ወይም ዴክ ካለን እሱ ራሱ አምፕሊፋየር ነው። በአንድ ወገን ቀጭን ጃክ፣ በሌላው ወገን ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ገዝቶ ማገናኘት ነው። ኦክስ የሌለው ካሴት ማጫወቻ ቢሆን እንኳ የካሴት ቅርጽ ያለው ማገናኛ አለ፤ ከተገኘ እንደ ካሴት ይገባል። አንድ ጥንቃቄ ግን አይረሳ። የቴፑ የስፒከር ማውጫ በፍጹም ከኮምፒዩተሩ ቀዳዳ ጋር አይገናኝ፤ ያን ጊዜ ሳውንድ ካርዱ የእውነት ይቃጠላል!

እንግዲህ ማንም ሰው ወደ ጥገና ቤት ከመሄዱ በፊት በቤቱ የሚያደርገውን በቅደም ተከተል እናስቀምጥ።

1ኛ/ የስፒከሩ ምልክት ተዘግቶ እንደሆነ ይታይ። ድምፁ ወደ የትኛው መውጫ እንደሚሄድ እዚያው ይመረጥ። በኤችዲኤምአይ ወደ ስክሪን እየሄደ ከሆነና ስክሪኑ ስፒከር ከሌለው መስመሩ ይቀየር። አንዳንድ ስክሪን ግን ስፒከር ወይም የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስላለው ግዢ ሳይታሰብ በፊት ጀርባው ይታይ።

2ኛ/ የስልክ ጆሮ ማዳመጫ ከፊትም ከኋላም ተሰክቶ ይሞከር። ከኋላ ካሉት ቀዳዳዎች አረንጓዴው የድምፅ መውጫ፣ ሮዝ መልክ ያለው የማይክሮፎን፣ ሰማያዊው የድምፅ መግቢያ ነው። ስፒከርን ሮዙ ላይ ሰክቶ ኮምፒዩተሩን የረገመ ሰው በመካከላችን አለ፤ ስሙን አንጠራም። ማዳመጫው ድምፅ ሰጥቶ ስፒከሩ ዝም ካለ፣ የታመመው ስፒከሩ ወይም ገመዱ ነው ማለት ነው።

3ኛ/ ሁሉም ዝም ካለ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሣ። ከዚያም «ዲቫይስ ማናጀር» በሚባለው ውስጥ በድምፁ መደብ ላይ ቢጫ ምልክት ካለ የጎደለው ድራይቨር ሊሆን ይችላል፤ ድራይቨር ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ሠሪ በነፃ ይገኛል።

4ኛ/ ይህም ካልሆነ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ከጓደኛ ወይም ከማኅበሩ ተውሶ ይሞከር። በእሷ ድምፅ ከወጣ መፍትሔው የእሷ ዋጋ ብቻ ነው።

5ኛ/ ድምፁ ወጥቶ «ዝዝዝ» የሚል ጉርምርምታ ካለበት፣ ኮምፒዩተሩና ስፒከሩ ከአንድ ማከፋፈያ መብራት ይውሰዱ፤ ስልክም ከስፒከሩ ይራቅ። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልሆነ፣ ያን ጊዜ ጥገና ቤት ይኬድ። ሲኬድም «ሞክሬዋለሁ፤ እንዲህና እንዲህ አድርጌያለሁ» ተብሎ ይነገር። ያወቀ ደንበኛ በቀላሉ አይበላም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ እንመጣለን። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ቀርቧል። ማኅበሩ 42,000 ብር አውጥቶ ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለኪራይ የሚሆን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይግዛ የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞቻችን ክፉ አስበው አይደለም፤ የኪራይ ገቢ ያስገኛል ብለው ነው። እኛ ግን እንቃወማለን። ለምን ቢባል፣ ለስብሰባ ሜጋፎን አለን። ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ በየመንገዱ አለ። ይህ ገንዘብ ግን የመጠባበቂያ ገንዘባችን አብዛኛው ነው።

ደግሞስ ሰፈራችን ጩኸት ጎድሎት ያውቃል? ግድግዳችን ጭቃና ቆርቆሮ ነው፤ ጎረቤት ሲያስል እንሰማለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ ከመልካም ጉርብትና ደንብ ያለፈ ጩኸትና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ሕጉ ባይኖር እንኳ አራስና በሽተኛ ያለበት ሰፈር ነው። የጆሮ ነገርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጅ ደግሞ 75 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ይመክራል። የጆሮ ማዳመጫ የሚጠቀሙ ልጆቻችንም ድምፁን እስከ ጫፍ እንዳይከፍቱ ወላጅ ይቆጣጠር። የተጎዳ ጆሮ ማዘርቦርድ አይደለም፤ ተቀይሮ አይመጣም።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ከ42,000 ብሩ ይልቅ 6,000 ብር ብቻ ይፈቀድ። በዚህ ገንዘብ ለሰፈሩ በውሰት የሚዞሩ አራት ዩኤስቢ ሳውንድ ካርዶች፣ ለማጥኛው ክፍል አንድ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ከማይክሮፎን ጋር፣ ጥቂት ገመዶችና አንድ ትርፍ ስፒከር ይገዛ። ቀሪው ገንዘብ በቦታው ይቀመጥ። ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ከላይ የጠቀስናት ተማሪና ሁለት ጓደኞቿ በማጥኛው ክፍል ሆነው ድምፅ የጠፋበትን ኮምፒዩተር ያለ ክፍያ ሊያዩ ቃል ገብተዋል። ከባድ የሆነባቸውን «አልቻልንም» ይላሉ፤ ይህም ከብዙ ባለሙያ የሚሻል ሐቀኝነት ነው።

«ታዲያ በልጆች ልንመራ ነው?» የሚል አንድ አባል አጋጥሞናል። አዎ፣ በሚያውቁት ነገር ይምሩን! ፊደል ያስተማረን ሰው በዕድሜ ከእኛ ያነሰ ቢሆን ኖሮ ፊደሉን ልንመልስለት ነበር? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን የአስተማሪውን ዕድሜ አልጠየቁም።

ውድ ነዋሪዎች! ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህ ለሰው ይሆናል እንጂ ለኮምፒዩተር አይሆንም። ዝም ያለ ኮምፒዩተር በዳንቴል ተሸፍኖ የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ነው የሚቀረው። በስንት ላብ የገዛነውን ዕቃ ለግማሽ ሥራ አንተወው። በጉባኤው ቀን ሁላችሁም ተገኙ፤ የምትቃወሙንም ኑና በፊታችን ተናገሩ። ዓይነ ስውሩ አባታችንም ይመጣሉ፤ የዚህን ጽሑፍ ቃል በቃል በማጥኛው ክፍል ኮምፒዩተር ሰምተውታል። ሁለት እርማት ሰጥተውናል፤ ሁለቱንም ተቀብለናል።

አስቀድመን እንጠይቅ፤ ከዚያ እንሞክር፤ በመጨረሻ እንግዛ!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት